ሱባሩው ቀትር ላይ ለምን ይደክማል?

ላስ ቬጋስ፣ የበጋው ወራት፣ ከውጭ 42 ዲግሪ። የጓደኛዬ 2011 ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ጠዋት ይወነጨፋል። ከሰዓት በኋላ ግን ሦስት መብራት ላይ ቆሞ ሲነሳ ነዳጅ ብትረግጡትም ይለግማል። «ትልቅ ኢንተርኩለር ግዛ» አሉት። ተርቦው አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል፤ ሲጨምቀው የጋለውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለሩ ነው። ቆይ፣ መጀመሪያ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር እንሰካና የሚገባውን አየር ሙቀት እንይ አልኩት።

አየር ሲግል ይሳሳል። 40 ዲግሪ የነበረው 60 ሲደርስ፣ በያንዳንዱ ሊትር የሚገባው አየር 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከዚያ የሚብሰው ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር፣ ማለትም ነዳጁ ያለ አግባብ ሲፈነዳ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ሲሰማ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፤ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል።

የሚገባውን አየር ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ይዋሻል? መኪናው ካደረበት ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ የሚገባውን አየርና የራዲያተር ውሃውን ሙቀት አነጻጽሩ። ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። በጣም ከተራራቁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሴንሰሩን አስፈትሹ።

ስካነሩ ላይ ያለው የአየር ሙቀት ቁጥር ስትቆሙ ይወጣል፣ ስትነዱ ይወርዳል? የሞተሩ ክፍል ስለታፈነ ነው። የተበላሸ ነገር የለም።

እየነዳችሁም አልወርድም ካለ? ፊልትሮው የሚስበው የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። የጓደኛዬ ጉድ እዚህ ጋ ተገኘ። ዋናውን የፊልትሮ ሳጥን አስወጥቶ የሚያብረቀርቅ ሾጣጣ ፊልትሮ ራቁቱን አስገጥሟል። ሲሸጡለት «ቀዝቃዛ አየር ያስገባል» ብለውታል! ዋናው ሳጥን አየር የሚስበው ከፊት፣ ከራዲያተሩ በላይ ነው። መለስነው፤ መንገድ ላይ ቁጥሩ ወደ ውጭው አየር ተጠጋ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ መኪና ያ ሴንሰር የተቀመጠው ከፊልትሮው አጠገብ፣ ከተርቦው በፊት ነው። ስለ ኢንተርኩለሩ አንዲት ቃል አይነግራችሁም። ብዙ ሰው ኢንተርኩለር ቀይሮ «ቁጥሩ አልተነቃነቀም» ብሎ የሚናደደው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ደህና ሆኖ መኪናው ከደከመ? አሁን ኮፈኑን ክፈቱ። ኢንተርኩለሩ ሞተሩ ላይ ተኝቷል፤ አየር የሚያገኘው በኮፈኑ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳውና በኢንተርኩለሩ መካከል ያለው ስፖንጅ ከተቀደደ አየሩ ወደ ጎን ያመልጣል። ስፖንጁን ቀይሩ፤ ርካሽ ነው። በኢንተርኩለሩ ስስ የብረት ክንፎች መካከል ትንኝና ቅጠል ካለ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በቀስታ ውሃ እጠቡ። በኃይል የሚረጭ ውሃ ክንፎቹን ያጣምማል።

ከዚያ ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን የአየር ቱቦዎች እዩ። አየር የሚያፈስ ካለ ተርቦው ያንኑ ግፊት ለማምጣት የበለጠ ይሽከረከራል፤ አየሩንም የበለጠ ያግላል። ጋራዥ ውስጥ በኮምፕረሰር ትንሽ ግፊት አስገብተው የሳሙና ውሃ ይቀቡት። አረፋ ካወጣ ቀዳዳው እዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የላላ የቱቦ ማሰሪያ ሆኖ ይገኛል።

ኔቫዳ ውስጥ ደግሞ 91 ኦክቴን ቤንዚን ቅዱ፤ ኦክቴኑ ከፍ ሲል ማንኳኳትን ይቋቋማል። በ87 እየነዱ ስለ ሙቀት ማማረር አይሆንም።

ያ የሚያብረቀርቅ ፊልትሮ አሁን ጓደኛዬ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው «በግማሽ ዋጋ ልስጥህ?» አለኝ።