ሩሲያኛ ተምሮ ሥራ የሚያሳጡ ስህተቶች

«ሩሲያኛ ተምረህ ምን ልትሠራበት ነው?» ይህን ያልተጠየቀ የሩሲያኛ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ጠያቂው ብዙ ጊዜ አጎት ነው፤ ሰዓቱም ቡና ሲጠጣ። ያናድዳል፤ ግን መልስ ያስፈልገዋል። ቋንቋው እንጀራ ይሆናል። የሚያበላሹት እነዚህ ናቸው።

ቋንቋውን ብቻውን ሙያ ማድረግ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። በሶቭየት ዘመን ከኢትዮጵያ ሄደው የተማሩትን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አስቡ። መጀመሪያ በመሰናዶ ፋኩልቲ፣ «ፖድፋክ» በሚሉት፣ አንድ ዓመት ያህል ሩሲያኛ ተማሩ። ከዚያ ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ ግብርና ገቡ። ሩሲያኛው በር ከፈተላቸው፤ ያበላቸው ሙያቸው ነው። ዛሬ ሩሲያኛን ራሱን ዋና ትምህርት አድርጎ የያዘ ተማሪ ከሌላው ጫፍ ይጀምር፦ ቋንቋው ላይ ሒሳብ አያያዝ፣ ሕግ፣ ቱሪዝም ወይም ፕሮግራሚንግ ይጨምር። ሩሲያኛ የሚችል ሰው አይጠፋም። ሩሲያኛም ችሎ የጉምሩክ ወረቀት አንብቦ የሚረዳ ግን ተፈልጎ አይገኝም።

«ገባኝ» ብሎ ግሱን ማለፍ

ሁሉም የሚፈራው በስድስት መልክ የሚለዋወጠውን የስም ጫፍ ነው። ሥራ ላይ ጉድ የሚያፈላው ግን ግሱ ነው። ጄኔሬተር ተበላሸ እንበል። ቴክኒሻኑ «ሬሞንቲሮቫል» ካለ ሲጠግነው ነበር ማለት ነው፤ ይሥራ አይሥራ አልነገረህም። «ኦትሬሞንቲሮቫል» ካለ ጠግኖ ጨርሷል። ልዩነቷ ከፊት ያለችው «ኦት» ናት። አስተርጓሚው ሁለቱንም «ጠገነው» ብሎ ካለፈ አለቃው ሄዶ ማስነሻውን ይጫናል። ጸጥ። ቀጥሎ የሚፈለገው ቴክኒሻኑ ሳይሆን አስተርጓሚው ነው።

ድምፅ የሚጠነክርበት ቦታም እንዲሁ ያስጠይቃል። «ፒሳት» መጨረሻዋ ላይ ከጠነከረች መጻፍ ናት፤ መጀመሪያዋ ላይ ከጠነከረች መሽናት። ስብሰባ ላይ «መጻፍ እፈልጋለሁ» ብሎ ብዕር ያወጣ ሰው መጸዳጃ ቤቱን ቢያሳዩት አይገረም።

በስም መሳሳት

«ኢቫን ፔትሮቪች» ማለት የፒዮትር ልጅ ኢቫን ማለት ነው። የቤተሰብ ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ደብዳቤ ላይ «አቶ ፔትሮቪች» ተብሎ አይጻፍም። በአክብሮት ሲጠራ ሁለቱም አብረው ይጠራሉ፣ «ቪ» በሚለው «እርስዎ»ም ይነገራል። «ቲ» አንተ ነው። እኛ እኮ በአባት ስምም በእርስዎም ያደግን ነን። ይህን ስንስት ያሳፍራል።

አማርኛን ችላ ማለት

አስተርጓሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረጉመው ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። የመድኃኒት መመሪያ አንድ ገጽ ወስዳችሁ ለእናታችሁ በሚገባ አማርኛ ገልብጡት። የሚያላብሰው ሩሲያኛው አይደለም።

ሞስኮን ብቻ ማየት

ሩሲያኛ በቤላሩስ፣ በካዛክስታንና በኪርጊዝስታንም የቢሮ ቋንቋ ነው። ዱባይ ውስጥ ሱቅና ሆቴል ሩሲያኛ ተናጋሪ ይፈልጋል። እስራኤል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት ከአንድ ሚሊዮን ያላነሰ ሰው ገብቷል። እዚያ ያለ የእኛ ልጅ ነርስ ወይም የማኅበራዊ ሠራተኛ ሆኖ ዕብራይስጥ ያልለመዱ አዛውንትን በቋንቋቸው ቢያናግር የሚከፈትለትን ልብ አስቡት። የተባበሩት መንግሥታትን የሚመኝም አለ። ሩሲያኛ ከስድስቱ ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ልክ ነው። ግን ለአስተርጓሚነት በአንድ የውጭ ቋንቋ ብቻ መግባት ከባድ ነው፤ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛው አብሮ ይጠንክር።

ሲቪ ላይ «በጣም ጥሩ» ብሎ መጻፍ

ቶርፍል የሚባል የውጭ ዜጎች ፈተና አለ፣ ስድስት ደረጃ ያለው። ተፈትናችሁ ደረጃውን ጻፉ። «በጣም ጥሩ» የሚለውን ቀጣሪ ካየ አንድ ነገር ያደርጋል፦ ስልክ ይደውላል፣ በሩሲያኛ።