ድረ ገጽ የቱ ጋ እንደሚንቀራፈፍ በፕሮክሲ እንዴት ይለካል?

ደብረ ማርቆስ ላይ ድረ ገጽ እየሠራችሁ ከኖራችሁ «ኔትወርኩ ነው» የምትለዋን ታውቋታላችሁ። ገጹ ሲንቀራፈፍ ኔትወርኩ ነው፤ ሲቆምም ኔትወርኩ ነው። እኔም እላት ነበር። አንድ ደንበኛዬ ግን «የሠራህልኝ የምዝገባ ገጽ አይከፈትም፣ ኔትወርኩ መሆኑን አሳየኝ» ብሎ ያዘኝ። ያኔ ነው ሚትምፕሮክሲ የምትባለውን መሣሪያ የለመድኳት። ፕሮክሲ ናት፤ በስልኩና ገጹ በተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ፣ መካከል ቆማ የሚያልፈውን ሁሉ ታያለች። ነጻ ናት፣ ኮዷ ክፍት ነው፣ በፓይተን የጻፋችሁትንም ስክሪፕት ትቀበላለች።

ከራሷ ገጽ አውርዳችሁ ጫኗት። ሦስት ፕሮግራሞች አብረው ይመጣሉ። ሚትምዌብ በብሮውዘር ስለሚታይ ያምራል፤ ለጊዜ ልኬት ግን ሚትምደምፕ ይበቃል። ጌጥ የለውም፣ አሮጌ ላፕቶፕም አያስጨንቅም።

ስልኩንና ላፕቶፑን አንድ ዋይፋይ ላይ አድርጉ። በስልኩ የዋይፋይ ሴቲንግ ፕሮክሲውን ማኑዋል በሉና የላፕቶፑን አይፒ አድራሻና ፖርት 8080 ሙሉ። እምቢ ካለ መጀመሪያ የዊንዶውስ ፋየርዎልን ጠርጥሩ። ቀጥሎ በስልኩ ብሮውዘር ሚትም ነጥብ አይቲን ክፈቱና ሰርተፍኬቱን ጫኑ፤ የተመሰጠረውን ፈትታ እንድታይ የሚያስችላት እሱ ነው። ከአንድሮይድ 7 ወዲህ አብዛኞቹ አፖች በእጅ የተጫነ ሰርተፍኬት አይቀበሉም፤ ስለዚህ በክሮም ለኩ። የሰው ስልክ ላይ ሳታስፈቅዱ እንዳትሞክሩት፤ የይለፍ ቃሉ ሁሉ ነው የሚታያችሁ።

አሁን ስክሪፕቱ። ሪስፖንስ የሚባል አንድ ፈንክሽን ጻፉ፤ መልስ ሙሉ በሙሉ በደረሰ ቁጥር ይጠራል። እያንዳንዱ ጥያቄ፣ ማለትም ብሮውዘሩ ሰርቨሩን «ይህን ላክልኝ» ያለበት፣ አራት ሰዓት ይዞ ይመጣል፦ ጥያቄው የጀመረበት፣ ጥያቄው ያለቀበት፣ መልሱ የጀመረበት፣ መልሱ ያለቀበት። መልሱ ከጀመረበት ጥያቄው ያለቀበትን ስትቀንሱ የጥበቃውን ጊዜ፣ መልስ እስኪጀምር የተጠበቀውን ማለት ነው፣ ታገኛላችሁ። መልሱ ካለቀበት የጀመረበትን ስትቀንሱ ደግሞ የማውረጃውን። በ1,000 አባዙት፣ ሚሊሰከንድ ይሆናል።

እስከዚህ ቀላል ነው። እኔን ጉድ የሠራኝ ኮኔክሽኑ ነው፤ ጥያቄና መልስ የሚመላለስበት መንገድ ማለት ነው።

ልጅ ሆኜ አህያ ጭኜ ወፍጮ ቤት ስላክ እናቴ «የት ተጎልተህ ነው እስካሁን?» ትለኝ ነበር። ጊዜው ሦስት ቦታ ነው የሚያልቀው፦ መንገዱ፣ ወረፋው፣ መፈጨቱ። አህያዋ ሁለት ጆንያ ብትጭንም መንገዱ አንድ ነው። ኮኔክሽንም እንደዚሁ ነው። አንዴ ከተከፈተ ብዙ ጥያቄ ያልፍበታል። የተከፈተበት ሰዓት ግን በላዩ ባለፈው ጥያቄ ሁሉ ላይ ይታያል። እኔ ይህን አላወቅሁም። የመክፈቻውን 600 ሚሊሰከንድ በ47ቱም ጥያቄ ላይ ደመርኩት፤ 28 ሰከንድ ወጣ! ኮኔክሽኖቹ 3 ብቻ ነበሩ። ትክክለኛው ድምር 2 ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ያንን ቁጥር ይዤ «ሰርቨሩ ሩቅ ነው፣ ይቀየር» አልኩት። ሰውየው ገንዘቡን አውጥቶ ቀየረ። ገጹ ያው። ርቀት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። 5,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ሰርቨር አንድ ምልልስ በፋይበር ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ኮኔክሽኑን ለመክፈት አንድ ምልልስ፣ ለምስጠራው ደግሞ እንደ ስሪቱ አንድ ወይም ሁለት ይጨመራል። ግን ይህ የሚከፈለው በኮኔክሽን ነው፣ በጥያቄ አይደለም።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱ መለያ አለው። ያያችሁትን መለያ ዝርዝር ውስጥ አስቀምጡ፤ ተመልሶ ከመጣ የመክፈቻውን ጊዜ ዜሮ ጻፉ። የኮኔክሽኑን ሰዓት ከጥያቄው ሰዓት ጋር አትቀናንሱ፤ ሚትምፕሮክሲ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ሳይመጣ ቀድማ ስለምትከፍት ኔጌቲቭ ይወጣባችኋል። ምስጠራ ለሌለው ገጽ ደግሞ የምስጠራው ሰዓት ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን ካላጣራችሁ ስክሪፕቱ ስህተት ይተፋል።

ውጤቱን በኮማ ለያይታችሁ ፋይል ላይ ጻፉ፣ ኤክሴል ይከፍተዋል። በየመስመሩ ወዲያው ይጻፍ፤ እኔ መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ ብዬ መብራት ሄዶ የግማሽ ቀን ልኬት ቀልጧል። ሚትምደምፕን ስታስነሱ ሰረዝ ኤስ ብላችሁ የስክሪፕቱን ስም አስከትሉ። ገጹን አሥር ጊዜ ክፈቱና መካከለኛውን ቁጥር ያዙ። የስልኩን ስክሪን አይታችሁ ግን አትፍረዱ። ሚትምፕሮክሲ መልሱን ሙሉውን ተቀብላ ነው ወደ ስልኩ የምታሳልፈው፤ ስለዚህ ገጹ ከወትሮው የዘገየ ይመስላል። የምትለካውም ከላፕቶፑ እስከ ሰርቨሩ ያለውን ብቻ ነው።

ፋይሉን በጥበቃ ጊዜ ስደረድረው አንዷ መስመር ብቻዋን ወደ 4 ሰከንድ ይዛ አናት ላይ ወጣች። የትምህርት ክፍሎቹን ዝርዝር የምታመጣዋ ናት። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ዳታቤዙን ለየብቻ ይጠይቅ ነበር። ወደ አንድ ጥያቄ ለመጠቅለል ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የሰርቨሩን የዋጋ ልዩነት ከኪሴ ከፈልኩ።

ስትጨርሱ ሰርተፍኬቱን ከስልኩ አጥፉ፣ ፕሮክሲውንም ንቀሉ። እኔ ረስቼው ላፕቶፑን ዘግቼ ተኛሁ። ጠዋት ስልኬ ምንም አልከፍት ሲለኝ ምን እንዳልኩ ታውቁታላችሁ።