የውሻዎን የጎን ጣት ለማስቆረጥ ከመወሰንዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በውሻ የፊት እግር ውስጠኛ ጎን፣ ከመዳፉ ከፍ ብሎ፣ ውሻው ሲቆም መሬት የማይነካ አንድ ጣት አለ። በዚህ ጽሑፍ የጎን ጣት የምለው እሱን ነው። አንዳንድ ውሾች በኋላ እግራቸውም ላይ አንድ፣ አልፎ አልፎም ሁለት ይኖራቸዋል። ይህ ጣት ሲደማ፣ ሲያብጥ ወይም ጥፍሩ ሲሰበር ባለቤቱ ውሻውን ይዞ ወደ ሐኪም ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜም ገና ከበሩ ሳይገባ «ቢቆረጥ አይሻልም?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ነውር የለበትም። ቀዶ ሕክምናው የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ነገር ግን ጣቱ እንዲቆረጥላቸው ወደ እኔ ከሚመጡት ውሾች የብዙዎቹ ችግር ያለው ጥፍሩ ላይ እንጂ ጣቱ ላይ አይደለም፤ ይህ ሳይለይ የሚወሰን ውሳኔ ደግሞ ውሻውን ለማያስፈልገው ማደንዘዣና ቁስል ይዳርገዋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተትም ይኸው የጥፍርን ችግር የጣት ችግር አድርጎ ማየት ነው። ሌሎቹ ጥፍሮች ውሻው በተራመደ ቁጥር ከመሬት ጋር እየተፋተጉ ያልቃሉ፤ የጎን ጣት ጥፍር ግን መሬት ስለማይነካ የሚያሳጥረው ነገር የለም፤ ሰው ካልቆረጠው ማደጉን አያቆምም። ሲያድግ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እየታጠፈ፣ እየከበበ ይመጣና በመጨረሻ ጫፉ ተመልሶ የራሱን ጣት ሥጋ ይወጋል። ጠጉራቸው ረጅም በሆነ ውሾች ላይ ይህ ሁሉ ከጠጉሩ ሥር ስለሚካሄድ ባለቤቱ የሚያየው ነገር የለም፤ የሚያየው ውሻው ማነከስ ወይም እግሩን ያለማቋረጥ መላስ ሲጀምር ነው።

አንድ ባለቤት ጠጉራም ውሻውን ይዞ መጥቶ ጣቱ «በስብሷል» ብሎ እንዲቆረጥለት ጠየቀኝ። ጠጉሩን ስንላጨው ጥፍሩ ሙሉ ቀለበት ሠርቶ ጫፉ ሥጋው ውስጥ ተቀብሮ ነበር፤ በዙሪያው ያለው ጠጉርም በመግል ተጣብቆ እንደ ቅርፊት ደርቋል። ውሻውን በመርፌ አረጋግተን ጥፍሩን ከመታጠፊያው ላይ ቆረጥነውና የተቀበረውን ጫፍ በወረንጦ ስበን አወጣነው። መጀመሪያ መግል፣ ቀጥሎ ጥቂት ደም ወጣ፤ ቀዳዳውን ደጋግመን በሳላይን ካጠብነው በኋላ ከሥሩ ጤነኛ ሮዝ ሥጋ ታየ። አጥንቱም መገጣጠሚያውም ደህና ነበሩ። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ቆሞ ካየ በኋላም «ዶክተር፣ ተመልሶ ማደጉ አይቀርም፤ አሁኑኑ ይቁረጡልኝና ልገላገል» አለኝ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ተመልሶ ያድጋል፤ ጥፍር ነውና። በየሁለት እስከ አራት ሳምንት ጥቂት ጥቂት መቁረጥ የሚበቃውን ነገር በሙሉ ማደንዘዣ፣ በስፌትና በሁለት ሳምንት ሕመም መለወጥ ሕክምና አይባልም። ጥፍሩን ሳይቆርጥ ወራት ያሳለፈ ሰው ጣቱ ቢወጣለት እንኳ በቀሩት ጥፍሮች ላይ ያው ቸልተኝነት ይቀጥላል፤ እነሱም ረዝመው የውሻውን አረማመድ ያበላሻሉ። በጥፍሩ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሕያው ሥጋ እንዳለ፣ ጥፍሩ በረዘመ ቁጥር እሱም አብሮ እንደሚረዝም ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ረጅሙን ጥፍር በአንድ ጊዜ ለማሳጠር መሞከር ደም ያፈስሳል፤ ውሻውም ከዚያ በኋላ መቁረጫ ባየ ቁጥር ይሸሻል። በየሳምንቱ ከጫፉ ትንሽ ትንሽ ሲነሳለት ግን ውስጡ ያለው ሥጋ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጥቁር ጥፍር ላይ ሥጋው ከውጭ ስለማይታይ በስሱ እየላጡ መሄድና በተቆረጠው ገጽ መካከል ጠቆር ያለ እርጥብ ነጥብ ሲታይ ማቆም ነው። ይህን መልመድ ለጀማሪ ያስፈራል፣ ፍርሃቱም ይገባኛል፤ እኔም ሆንኩ ማንኛውም ሐኪም ወይም ረዳት በደስታ እናሳያለን፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ጣቱ ምንም አይሠራም ብሎ መነሳት ነው። የፊት እግሩ የጎን ጣት እንደ ሌሎቹ ጣቶች የራሱ አጥንት፣ መገጣጠሚያና ጅማት አለው። ውሻው ቆሞ ሳለ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ቢመስልም፣ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ የፊት እግሩ አንጓ ወደ መሬት ስለሚወርድ ያ ጣት መሬቱን ይነካል፤ በተለይ ድንገት በሚታጠፍበት ጊዜ መሬቱን ቆንጥጦ እግሩ እንዳይጠማዘዝ ያግዛል። ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው ቀላሉ ነገር ለውሻው የሚያኝከው ነገር ሰጥቶ ከፊቱ ቁጭ ብሎ መመልከት ነው፤ የያዘውን ነገር በሁለቱ የጎን ጣቶቹ ደግፎ ሲያዞረው ያያል። ለሩጫና ለሥራ የሚውል ውሻ ያለው ሰው ይህን ጣት ለማስወጣት ከሌላው ሁሉ ይልቅ ቀስ ማለት አለበት።

የፊቱንና የኋላውን አንድ አድርጎ ማየትም ሌላው ስህተት ነው። የኋላ እግር የጎን ጣት በብዙ ውሾች ላይ ጭራሽ የለም፤ ሲኖርም ብዙ ጊዜ ከእግሩ አጥንት ጋር ሳይገናኝ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ይገኛል። እንዲህ ያለው ልል ጣት በቁጥቋጦ፣ በምንጣፍና በአጥር ሽቦ እየተያዘ ለመቀደድ የተጋለጠ ነው፤ ማውጣቱም ከፊቱ ይቀላል። ቢሆንም በዓይን አይቶ «ይሄ ቆዳ ብቻ ነው» ማለት አይበቃም፤ ሐኪሙ ይዳስሰው፣ ካጠራጠረም ራጅ ይነሳ። በግሬት ፒረኒስ፣ በብሪያርድና በቦስሮን ዝርያዎች ላይ በኋላ እግር ሁለት የጎን ጣት መኖሩ የዝርያው መለያ ነው፤ የኖርዌዩ ሉንደሁንድ ደግሞ በእያንዳንዱ እግሩ ስድስት ጣት ይዞ ይወለዳል። ይህን የማያውቅ ባለቤት ውሻው አካለ ጎደሎ የተወለደ መስሎት ለማስቆረጥ ሲቸኩል አይቻለሁ።

ጥፍሩ በተገነጠለበት ቀን መወሰን ደግሞ በጣም የተለመደ ነው። የተሰበረ ጥፍር ከመጠኑ በላይ ይደማል፤ ወለሉ ሁሉ ደም ሆኖ ሲታይ ማንም ይደነግጣል። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ንጹሕ ጨርቅ ላዩ ላይ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃዎች ሳያነሱ መጫን፣ ከዚያም ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሐኪሙ የተንጠለጠለውን ስብራት በማደንዘዣ ያነሳል፣ ቁስሉን ያጥባል፣ በፋሻ ያስራል፤ አዲስ ጥፍርም በወራት ውስጥ ይበቅላል። አንድ አደጋ ጣት ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም። ምክንያት የሚሆነው ጥፍሩ በደንብ አጥሮ እየተያዘ እንኳ ጣቱ ደጋግሞ ሲቀደድ፣ ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ገብቶ በመድኃኒት አልድን ሲል፣ አጥንቱ ሊጠገን በማይችል ሁኔታ ሲሰበር ወይም መገጣጠሚያው ሲወላልቅ፣ አለዚያም ጣቱ ላይ ዕጢ ሲወጣ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካለ እኔ ራሴ ቀዶ ሕክምናውን እመክራለሁ፣ ባለቤቱ ሲያመነታም እገፋፋለሁ።

ዕጢን ካነሳሁ፣ ከመቸኮል በተቃራኒ ያለውን ስህተት፣ ማለትም ሊቆረጥ የሚገባውን ማዘግየትን፣ ሳልናገር አላልፍም። ከጥፍሩ ሥር ያለ እብጠት በአንቲባዮቲክ ጎደል ብሎ መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመልሶ ከመጣ፣ ወይም ጥፍሩ ምንም ሳይመታ ራሱ ከወለቀና ቁስሉ አልገጥም ካለ፣ ሌላ ዙር አንቲባዮቲክ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማና ሜላኖማ የተባሉት ካንሰሮች ከጥፍር ሥር ይነሳሉ፤ ሲጀምሩም ተራ ኢንፌክሽን ይመስላሉ። የመጀመሪያው በተለይ ጥቁር ጠጉር ባላቸው ትልልቅ ውሾች ላይ ይዘወተራል። በዕድሜ የገፋ አንድ ጥቁር ውሻ «የማይድን የጥፍር ቁስል» ተብሎ መድኃኒት ሲቀያየርለት ከርሞ ወደ እኔ ሲመጣ ራጅ አነሳነው፤ የጣቱ የመጨረሻ አጥንት ጫፍ ተበልቶ ጠርዙ ተሸራርፎ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ጣቱን ማውጣት ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ዋናው ሕክምና ይሆናል። ከዚያ በፊትም የእግሩ ንፍፊቶች ይዳሰሳሉ፣ የደረት ራጅ ይነሳል፤ በሽታው ተሰራጭቶ ከሆነ ዕቅዱ ይለወጣልና።

ችግሩ በአንድ ጣት ሳይወሰን በየእግሩ ያሉ ጥፍሮች እየተሰነጠቁ የሚወድቁ ከሆነ ደግሞ ቢላዋ አይነሳም፤ ይህ ሰውነት የራሱን ጥፍር የሚያጠቃበት በሽታ ሊሆን ስለሚችል በመድኃኒት የሚያዝ እንጂ ጣት በመቁረጥ የሚድን አይደለም።

ቀዶ ሕክምናውን አሳንሶ ማየት ብዙ ባለቤቶችን ያሳስታል። ይህ አመለካከት አርቢዎች የቡችሎችን የጎን ጣት ከማስወጣታቸው የመጣ ይመስለኛል። በተወለዱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አጥንቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ ሐኪም በአጭር ጊዜ ያነሳዋል። ያደገ ውሻ ላይ ግን ሥራው አካል መቁረጥ ነው። ውሻው በሙሉ ማደንዘዣ ይተኛል፣ ቆዳው በጣቱ ዙሪያ ይቀደዳል፣ ወደ ጣቱ የሚሄዱት የደም ሥሮች ተለይተው ይታሰራሉ፣ ጣቱ ከመገጣጠሚያው ይለያል፣ ቁስሉም በየንብርብሩ ይሰፋል። በግማሽ ከተሠራና የጥፍሩ ሥር ከቀረ የተበላሸ ጥፍር ተመልሶ ያበቅላል። በቤት ውስጥ በመቀስ ወይም ክር አስሮ ጣቱ ደርቆ እንዲወድቅ ማድረግ በእንስሳ ላይ የሚፈጸም ጭካኔ ነው፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

«ለማምከኛው ከተኛ አይቀር እግረ መንገዱን ጣቱም ይውጣለት» የሚለውን ጥያቄም ደጋግሜ እሰማለሁ። ለማውጣት በቂ ምክንያት ካለ በአንድ ማደንዘዣ ሁለቱን መጨረስ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ውሻው ሁለት ጊዜ ከመደንዘዝ ይድናል። የውሻው መተኛት ብቻውን ግን ምክንያት አይደለም፤ ጤነኛና በደንብ የተያያዘ የፊት ጣት ለዚህ ሲባል አይወጣም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ሁሉንም ሳይነግሩ መቅረት ሌላው ስህተት ነው። ውሻው አስፕሪን ወይም ሌላ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ፣ ከዚህ ቀደም ትንሽ ተጭሮ ብዙ ደምቶ ከሆነ፣ ምግብ ተከልክሎ እያለ ሰርቆ በልቶ ከሆነ መናገር ያስፈልጋል። የዶበርማን ባለቤቶች በተለይ ይጠንቀቁ፤ ፎን ቪለብራንድ የተባለው ደም የማይረጋበት የዘር በሽታ በዚህ ዝርያ ላይ ስለሚዘወተር ምርመራው ከቀዶ ሕክምናው መቅደም አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ብዙ መልካም ሥራ የሚበላሽበት። ስፌቱ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይቆያል። ቦታው ውሻው አፉ ላይ በቀላሉ የሚያደርሰው ስለሆነ ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚጠለቅለትን መከላከያ አዝነውለት ለአንድ ሌሊት ያወለቁ ባለቤቶች ጠዋት ክሩ ተበጥሶ፣ ቁስሉ ተከፍቶ ያገኙታል፤ ከዚያም ዳግም ማደንዘዣ፣ ዳግም ስፌት ይከተላል። ርኅራኄው ይገባኛል፣ ነገር ግን ለውሻው የሚያስብ ሰው መከላከያውን አያወልቅም። ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞልን የመሳሰሉ የሰው መድኃኒቶች በፍጹም አይሰጡ፤ የመጀመሪያው የውሻን ጨጓራና ኩላሊት፣ ሁለተኛው ጉበቱንና ደሙን ይጎዳል። ውሻው የሚወጣው በማሰሪያ ተይዞ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን።

ፋሻው በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታይ። ከፋሻው በታች የሚወጡት ሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ጥፍሮቻቸው ተራርቀው ከታዩ ጣቶቹ አብጠዋል ማለት ነው፤ ሲነኩ ቢቀዘቅዙ፣ ፋሻው ቢረጥብ፣ ቢሸት ወይም ውሻው ድንገት ቢያኝከው እስከ ቀጠሮው ቀን መጠበቅ አይገባም። የጠበቀ ፋሻ ደም ከልክሎ ከቁስሉ የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

የመጨረሻው ስህተት የወጣውን ጣት ወደ ቆሻሻ መጣል ነው። በእብጠት ወይም በማይድን ቁስል ምክንያት የተቆረጠ ጣት ሁሉ ወደ ላቦራቶሪ መላክ አለበት፤ በዓይን ሲታይ ኢንፌክሽን የመሰለው ካንሰር፣ ካንሰር የመሰለውም ኢንፌክሽን ሆኖ ይገኛልና። ናሙናው መላኩን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያረጋግጡ፤ ስፌቱ የሚወጣበት ቀን ሲደርስም ውጤቱ መጥቶ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ዕጢ ከሆነ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ የተረፈ ነገር መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በዚያ ወረቀት ነው፤ የተረፈ ካለም ቀጣዩ ሕክምና የሚታቀደው በዚያው ቀን ነው።