የአሮጌ ሙዚቃ ሣጥን ፓተንት ፍለጋ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ የሙዚቃ ሣጥን ወይም ራሱን በራሱ የሚጫወት ፒያኖ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ቀንና ቁጥር ነው። ስህተቱም እዚያው ይጀምራል።

ቀኑን የመሣሪያው የልደት ቀን ማድረግ። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ኤድዊን ቮቴ ፒያኖላ ለተባለው ፒያኖ አጫዋች መሣሪያ የአሜሪካ ፓተንት ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ ቁጥር 650285 የተሰጠው ግን ሜይ 22 ቀን 1900 ነው። ይህ ቀን የታተመበት መሣሪያ ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። በርካታ ቀኖች ተደርድረው ከሆነ የመጨረሻውን ይያዙ፤ እሱም የሚነግርዎ መሣሪያው ከዚያ በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው። ሻጮች የመጀመሪያውን ቀን መጥቀስ ይወዳሉ፤ ዕድሜ ዋጋ ይጨምራልና።

ማኅተሙን ሁሉ ፓተንት ነው ማለት። በጀርመን ሥራዎች ላይ «ዴ.ኤር.ጌ.ኤም.» (D.R.G.M.) የሚሉ ፊደላት ካዩ፣ ያ ከ1891 ጀምሮ ለአነስተኛ ፈጠራዎች ይሰጥ የነበረ ምዝገባ ነው። ፓተንቱ «ዴ.ኤር.ፔ.» (D.R.P.) ነው። የአንዱን ቁጥር በሌላው መዝገብ ውስጥ ከፈለጉ ጭራሽ ስለ ሌላ ዕቃ የሚያወራ ሰነድ ይመጣልዎታል።

የእንግሊዝን ቁጥር ያለ ዓመት መፈለግ። እስከ 1915 ድረስ ቁጥሩ በየዓመቱ ከአንድ ይጀምር ነበር፤ ተከታታይ የሆነው በ1916 ከ100001 ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ዓመቱ ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይፈይድም።

በቃላት ብቻ መፈለግ። የድሮዎቹ ሰነዶች በምስል የተቀመጡ ናቸው፤ ጽሑፋቸውን ያነበበው ኮምፒውተር በመሆኑ የሰው ስም እንኳ ያበላሻል። ፈልሳፊዎቹም ሥራቸውን ሁልጊዜ «የሙዚቃ ሣጥን» ብለው አልጠሩትም፤ ጀርመኖቹ «ሙዚክቬርክ» (Musikwerk) ይሉት ነበር። እኔ የምመክረው በምድብ መፈለግን ነው፦ በዓለም አቀፉ የፓተንት አመዳደብ ጂ10ኤፍ (G10F)፣ በቀድሞው የአሜሪካ አመዳደብ ደግሞ ምድብ 84። ድካም አለው፤ ነገር ግን የፊደል ግድፈት አያደናቅፈውም። ፓተንቱ በፋብሪካው ስም ካልተገኘ በፈልሳፊው ስም ይሞክሩ።

የሌለውን መፈለግ። የጄኔቫው አንትዋን ፋቭር በብረት ጥርሶች ዜማ የሚያወጣውን ሥራውን ያቀረበው በ1796 ነው፤ ስዊዘርላንድ የፓተንት ሕግ ያወጣችው ግን በ1888። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የስዊስ ሣጥኖች የአገራቸው ፓተንት የላቸውም። በአሜሪካም በዲሴምበር 1836 የፓተንት ቢሮው ተቃጥሎ ከዚያ በፊት የነበረው መዝገብ ወድሟል፤ በኋላ ከቅጂዎች የተመለሰው ጥቂቱ ነው።