ከግጭት በኋላ መኪናዎን የሚጠግነውን ጋራዥ ራስዎ እንዴት እንደሚመርጡ (ለካሊፎርኒያ ነዋሪዎች)

ሎስ አንጀለስ ውስጥ መኪናዬ ከኋላ በተመታችበት ጊዜ ኢንሹራንሱ ጋራዥ ጠቆመኝ፤ ሳልጠይቅ «እሺ» አልኩ። መኪናዋ አምራ ተመለሰች። ከወራት በኋላ ሌላ ባለሙያ ባምፐሩን ሲያወልቀው ከጀርባው ያለው አግዳሚ ብረት እንደተጣመመ ተገኘ። አዲሱ ፕላስቲክ ሸፍኖት ነበር። ብረቱን በእጄ ስዳስሰው ትዝ ያሉኝ በየቀኑ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ልጆቼ ናቸው።

በካሊፎርኒያ የኢንሹራንስ ሕግ አንቀጽ 758.5 መሠረት ኩባንያው በአንድ የተወሰነ ጋራዥ እንዲያስጠግኑ ሊያስገድድዎ አይችልም። ይህን ይያዙና ይነሱ።

ግጭቱ በደረሰበት ቦታ ፎቶ ያንሱ፤ መረጃ ይለዋወጡ። መኪናዋ የምትጎተት ከሆነ ወዴት እንደምትሄድ የሚወስኑት እርስዎ ይሁኑ። ጋራዥ ገና ካልመረጡ ወደ ቤትዎ ትሂድ፤ በማያውቁት ግቢ ካደረች የማቆሚያ ሒሳብ በየቀኑ ይቆጥራል።

ዋናው ፈተና ለኢንሹራንሱ የሚደውሉት ስልክ ነው። የኩባንያው ሠራተኛ በትሕትና «ከእኛ ጋር የሚሠራው ጋራዥ ነገ ይቀበልዎታል፤ ለሥራውም ዋስትና እንሰጣለን» ትላለች። አነጋገሩ ግዴታ ይመስላል፤ ጥቆማ ግን ነው። ስለዚህ እርሷ የጋራዥ ስም ከመጥራቷ በፊት «ጋራዥ መርጫለሁ፤ ስሙና አድራሻው ይህ ነው፤ እባክዎ መዝገቤ ላይ ይጻፉልኝ» ይበሉ። «መርጫለሁ» የሚለው ቃል ክብደት አለው፤ ከመረጡ በኋላ ወደ ሌላ ጋራዥ እንዲዞሩ መጠቆም በሕጉ ክልክል ነው። እንግሊዝኛው ካስጨነቀዎ ዓረፍተ ነገሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ያንብቡት፣ ወይም አስተርጓሚ ይጠይቁ። ስልኩን እንደዘጉ ያንኑ በኢሜይል ይላኩ።

«ልዩነቱን ከኪስዎ ይከፍላሉ» ቢባሉ አይደንግጡ። የራሳቸው ጋራዥ በርካሽ ይሠራው ነበር በሚል ተገቢውን የጥገና ወጪ መቀነስ አይፈቀድላቸውም። «ተገቢ» የሚለው ቃል ግን እርስዎንም ይይዛል፤ ዋጋው ከሌሎች እጅግ የራቀ ጋራዥ ልዩነቱን በእርስዎ ላይ ሊጥል ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። መኪናዎ እስክትጠገን ተከራይተው የሚነዱት መኪና በኢንሹራንስ ውልዎ ስንት ቀን እንደሚሸፈንም ይመልከቱ።

ጋራዡ በግዛቱ የአውቶሞቲቭ ጥገና ቢሮ የተመዘገበ መሆኑን ከቢሮው ድረ ገጽ ያረጋግጡ። ነጂው በመስታወት የማያየውን ቦታ የሚያስጠነቅቁና መሰል ዳሳሾች (ሴንሰሮች) ያላት መኪና ከሆነች ማን እንደሚያስተካክላቸው ይጠይቁ። የአገር ልጅ መሆኑ ብቻ በቂ ምክንያት አይደለም። «የራስዎን ድርሻ (ዲዳክቲብል፣ ከጥገናው ወጪ በውልዎ መሠረት እርስዎ የሚከፍሉትን) እኔ እችልልዎታለሁ» የሚል ጋራዥ ካጋጠመዎ ይውጡ፤ ያ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተጋነነ ሒሳብ ወይም ካልተሠራ ሥራ ነው።

የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። መለዋወጫው አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ የመኪናው አምራች ያወጣው ይሁን የሌላ፣ ተለይቶ ይጻፍ። የሚወልቁት ዕቃዎች እንዲመለሱልዎ የሚጠይቁትም ሲፈርሙ ነው፤ በኋላ ቢጠይቁ ተጥለው ሊሆን ይችላል።

እኔን የጎዳኝ ቀጣዩ ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ግምት የሚወጣው ከውጭ በሚታየው ብቻ ነው። ባምፐሩ ሲወልቅ የተደበቀ ጉዳት ከተገኘ ጋራዡ ፎቶ አንሥቶ ከኢንሹራንሱ ተጨማሪ ግምት ማስፈቀድ አለበት። ይህን የሚያደርገው ጋራዥ የሚያስብልዎ ጋራዥ ነው። «ባምፐሩ እንደወለቀ ከጀርባው ያለውን ፎቶ ላኩልኝ» ብለው አስቀድመው ይናገሩ፤ ፎቶው ሳይደርስዎ አዲሱ እንዳይገጠም።

መኪናዎን በቀን ብርሃን ይረከቡ። በባምፐሩና በኋላ የዕቃ መጫኛው ክዳን መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኙ እኩል ይሁን፤ ቀለሙን ፀሐይ ላይ ይዩት፤ የኋላ ካሜራውን ይሞክሩ። ጥገናው ካጠራጠረዎ ለአውቶሞቲቭ ጥገና ቢሮው፣ ኢንሹራንሱ ጋራዥ ካስገደደዎ ደግሞ ለካሊፎርኒያ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ያመልክቱ፤ የላኩትን ኢሜይልና ፎቶዎቹን አያይዙ።