«ጎንደር» ተብሎ ሲፈለግ ባዶ የሚመልስ ማኅደር፦ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ችግሮችና መፍትሔያቸው

ይህ መመሪያ የመመረቂያ ጽሑፎችንና ቆየት ያሉ የአማርኛ ሰነዶችን ዲስፔስ በተባለው የዲጂታል ማኅደር ሶፍትዌር ወይም በመሰሉ ለሚያስተዳድሩ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ነው። ሰርቨሩ እንደተነሣና ኔትወርኩ እንደሚሠራ አይታችኋል ብለን እንጀምር።

ምልክት፦ ሰነዱ ሲከፈት በአማርኛ ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይታያል

ፋይሉ አልተበላሸም፤ ስለዚህ አትጣሉት። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይተየብ የነበረው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ፎንቶች ነው። እነዚህ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ የግዕዝን ቅርጽ ያሳያሉ እንጂ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ላቲኑ ይወጣል።

ጠቋሚውን ከተዘበራረቀው ቃል ላይ አድርጋችሁ በወርድ የፎንት ሳጥን ውስጥ ያለውን ስም አንብቡ። ፎንቱ ባይጫንም ስሙ ይታያል። ስሙን መዝግቡ፣ ፎንቱን ጫኑ፣ ጽሑፉ መነበቡን አረጋግጡ። ከዚያ ቅጂ አውጥታችሁ፣ ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ለውጡት። ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ።

ሁሉንም መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ (የዩኒኮድ የአማርኛ ፎንት) መለወጥ ፈጽሞ አይገባም! ሰነድ የሚያጠፋው ይህ ነው። የትኛው መስመር አማርኛ፣ የትኛው እውነተኛ እንግሊዝኛ እንደሆነ የሚናገረው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። ስሙ አንዴ ጠፍቶ ፋይሉ ከተቀመጠ መቀየሪያው የእንግሊዝኛውን የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር ትርጉም የለሽ ግዕዝ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ በእጅ መለየት ነው። ጽሑፉን ገልብጦ ኖትፓድ ላይ መለጠፍም ያው ጥፋት ነው።

ከተለወጠ በኋላ የግርጌ ማስታወሻውን፣ የገጽ ራስጌውንና ሠንጠረዡን ለይታችሁ ተመልከቱ፤ መቀየሪያዎች በብዛት የሚዘሉት እነዚህን ነው። በሁለት ሁለት ነጥብ የተተየበውን «፡፡» በአራት ነጥብ «።» ተኩት።

ምልክት፦ ፒዲኤፉ በደንብ ይነበባል፣ ፍለጋ ግን አያገኘውም

አንድ መስመር ገልብጣችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። ላቲን ከወጣ በድሮ ፎንት የተተየበ ነው፤ የሚመረጥ ጽሑፍ ጨርሶ ከሌለው ስካን ነው። ለመጀመሪያው የሚበጀው የወርዱን ፋይል ከጸሐፊው መጠየቅ ነው። ካልተገኘ በ300 ዲፒአይ ጥራት ወደ ምስል ለውጣችሁ፣ ስካኑን ደግሞ እንዳለ፣ በቴሰራክት ሶፍትዌር የአማርኛ ሞዴል ኦሲአር (ከምስል ላይ ፊደል የማንበብ ሥራ) አሠሩት። ቴሰራክትን በፒዲኤፍ ላይ የሚያሠራውን ኦሲአርማይፒዲኤፍ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በድሮ ፎንት የተተየበውን ገጽ ጽሑፍ አለው ብሎ ሥራውን ያቆማል፤ «ፎርስ ኦሲአር» የሚለውን ትእዛዝ ጨምሩለት። የእጅ ጽሑፍ የሆነ ብራና ላይ ግን በኦሲአር ጊዜ አታባክኑ፤ ሞዴሉ ለኅትመት ፊደል የተዘጋጀ ነው። ለብራና ዝርዝር ገለጻ መጻፍ ይሻላል።

አሁንም በድሮው ፎንት የሚተይቡ የጽሕፈት ቤቶች አሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ስትረከቡ ከፒዲኤፉ ጋር በዩኒኮድ የተጻፈውን ወርድ ጠይቁ፤ ተማሪው ፊርማ ይዞ ከሄደ በኋላ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ምልክት፦ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፣ ግን የሚገኘው ግማሹ ብቻ ነው

በብዛት የሚመጣውና በብዛት የሚናቀው ይህ ነው። «ጎንደር» ብሎ የፈለገ አንባቢ ርዕሱ «ጐንደር» ተብሎ የተመዘገበውን ጽሑፍ አያገኝም። ጎ እና ጐ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። «ዐፄ ፋሲል»፣ «አፄ ፋሲል»፣ «አጼ ፋሲል»፣ «ዓፄ ፋሲል» አራት የማይተዋወቁ ሰዎች ይሆናሉ። አንባቢው የለም ብሎ ይሄዳል፤ መጽሐፉ አለ።

መፍትሔው መዝገቡን ማረም አይደለም። ጸሐፊው እንደጻፈው ይቆይ። የሚስተካከለው የፍለጋው ማውጫ ነው። ዲስፔስ ፍለጋ የሚያካሂደው ሶልር በተባለ የፍለጋ ሶፍትዌር ነው፤ ሶልር ደግሞ ፊደል የሚያመሳስል ዝርዝር ይቀበላል። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሰባቱ ቤት አስገቡ። ሃ እና ኃ ወደ ሀ፣ ኣ እና ዓ ወደ አ መግባታቸውን አትርሱ። ከዲቃሎቹ (እንደ ጐ ካሉት ተጨማሪ ፊደላት) ጐን ወደ ጎ፣ ቈን ወደ ቆ፣ ኰን ወደ ኮ፣ ኈን ወደ ሆ ጨምሩ።

ዝርዝሩ በማውጫውም በፍለጋውም በኩል መግባት አለበት። በአንዱ ብቻ ከገባ ከበፊቱ የባሰ ይጠፋል። ከዚያ ሶልርን አስነሥታችሁ ማውጫውን ከሥሩ እንደገና ሥሩ፤ ይህ ካልተደረገ የቆዩት መዛግብት እንደነበሩ ይቀራሉ። «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» በፍለጋ ውስጥ ይቀላቀላሉ፤ ጥቂት ትርፍ ውጤት ከጠፋ መጽሐፍ ይሻላል። ሶልር መንካት ያልተፈቀደለት ሠራተኛ በተለዋጭ ርዕስ ሳጥን ሌላውን አጻጻፍ ይጨምር።

ምልክት፦ የዓመቱ ቅደም ተከተል ተዛብቷል

ሰኔ 2009 ዓ.ም. የቀረበ ጽሑፍ በቀን ሳጥኑ 2009 ተብሎ ገብቷል። ሳጥኑ የሚጠብቀው እ.ኤ.አ. ነው፤ 2017 ይግባ፣ ዓመተ ምሕረቱ በማስታወሻ ይጻፍ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል።

ምልክት፦ መጠባበቂያው ሲመለስ ፋይሎቹ ስም የላቸውም

ዲስፔስ ፋይሎችን የሚያስቀምጠው በረጅም ቁጥር ነው፤ ርዕስና ጸሐፊ ያለው በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። አንዱን ብቻ መገልበጥ ምንም አልገለበጡም ማለት ነው። መጀመሪያ ዳታቤዙን፣ ቀጥሎ የፋይል ማከማቻውን ገልብጡ፤ አንዱ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ሞክሩት።

በርካሽ የሚሸጥ «2 ቴራባይት» ፍላሽ ላይ ማኅደር አይቀመጥም! ብዙው የውሸት ነው፤ ከሞላ በኋላ ሳይናገር የቀደመውን ይደመስሳል። ኤፍ3 በተባለው የፍላሽ መፈተሻ ፕሮግራም ፈትሹ። ዲስኩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀ እምቢ በሉና ንቀሉት። ለሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ስትገዙ የዩኤስቢ ገመዱን አገናኙና ሶፍትዌሩን ጫኑ፤ ያለ ገመዱ ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩ መረጃ እየጻፈ ሳለ ድንገት ይጠፋል፤ ዳታቤዙም ሊጎዳ ይችላል።