የወንድሜ የጉዳት ካሳ የተጓተተው ወረቀቱ ላይ ፐርሰንት ስላልነበረ ነው

ታናሽ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ውስጥ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። የቆርቆሮ መቁረጫ ማሽን ግራ እጁን ያዘውና ሁለት ጣቱን አጣ። ቁስሉ ሲሽር ካሳ ጠየቅን። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ "ማስረጃችሁ አልተሟላም።"

መጀመሪያ የሕክምና ካርዱን ኮፒ አስገባን። አልሆነም። ቀጥሎ ካከመው ሐኪም "የእጅ ጉዳት ደርሶበታል" የሚል ወረቀት አጻፍን። እሱም ተመለሰ። ሽማግሌ ላክን፣ ቃል ብቻ ይዘው መጡ። አሥራ ሁለት ቀን እንዲሁ አለቀ።

በመጨረሻ አንዲት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና "ፐርሰንቱ የታለ?" አለችን። ለካ የሚፈለገው የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ነው። ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ጻፈችልን። ቦርዱ ወንድሜን እጅህን ጨብጥ፣ ብርጭቆ አንሳ እያለ አየው። ብርጭቆው ሲንሸራተትበት ዓይኔን መለስኩ። ከዚያ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ፣ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑንም ጨምረው ጻፉ። ጥያቄያችን ያኔ ተመዘገበ።

ወንድሜ በጡረታ ስላልተመዘገበ ስሌቱ የተሠራው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ከሆነ የዓመት ደመወዝ በ5 ይባዛል። ከፊል ከሆነ ደግሞ እንደ ጉዳቱ መጠን ይሰላል። መቶኛው ከሌለ የሚሰላ ነገር የለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ እኛ ይህን ፈርተን ቀን አባክነናል። የአዋጁ መደበኛ ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ደግሞ አንድ ዓመት ነው፤ ሽምግልናው እየተጓተተ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ።